ስንዴው ተጽፏል፤ ገብሱስ?

በ1944/45 (እ.ኤ.አ.) የረሃብ ክረምት ኔዘርላንድ ዳቦ አጣች። ሴሊያክ የተባለ የአንጀት ሕመም ያለባቸው ሕፃናት ግን ተሻላቸው፤ ዳቦው ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ። ስንዴን ቀድሞም ይጠረጥር የነበረው ሐኪም ቪለም ዲኬ በ1950 የዶክትሬት ጽሑፉ ጥፋቱ የስንዴ መሆኑን አሳየ።

አሜሪካ በ2004 ባወጣችው ሕግ ስንዴን ጨምሮ 8 አለርጂ ቀስቃሾች በእሽግ ምግብ ላይ በግልጽ እንዲጻፉ አዘዘች። በ2021 ሰሊጥ 9ኛ ሆነ። ግሉተን ያለበት ገብስ ግን ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም፤ ዝርዝሩ የተዘጋጀው ለአለርጂ ነውና።

ጉዳዩ እኛንም ይነካል። በውጭ አገር የሚሸጥ እንጀራ ጤፉ ከገብስ ጋር የተቀላቀለ ሊሆን ይችላል። «ስንዴ የለውም» ማለት «ግሉተን የለውም» ማለት አይደለም። ለሴሊያክ ሕመምተኛ ልዩነቱ የጤና ጉዳይ ነው። ሕጉ ገብስንም ስሙን ጠርቶ ማስጻፍ አለበት።