ባለቤቱ መጨረሻ የነካው ነው

የኮምፒውተር ጥያቄ ይዞ ወደ አዋቂዎቹ የተጠጋ ጀማሪ የሚጠብቀው መልስ የታወቀ ነው፤ «መመሪያውን አንብብ!» ፈረንጆቹ መሃል ላይ አንዲት ስድብ ጣል ያደርጉባታል። እኛ ጨዋዎች ስለሆንን ዘለናታል።

ዛሬ ዛሬ ይህ ቁጣ አድራሻውን ቀይሯል። «አንብብ» የሚባለው ኮድ የሚጽፍልን፣ በኮምፒውተራችን ላይ ትእዛዝ የሚያስኬድልን የኤአይ ኤጀንት ሆኗል። እንዲያነብም መሣሪያ ተበጅቶለታል። ኤጀንቱ የትእዛዙን ስም ይሰጣል፤ መሣሪያው የትእዛዙን የመመሪያ ገጽ አምጥቶ ፊቱ ይዘረጋለታል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። ነገር ግን ይህ ገጽ ረጅም ታሪክ አለው፤ እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

አገሩ አሜሪካ፣ ቦታው ኒው ጀርሲ ያለው የቤል ላብስ የምርምር ተቋም ነው። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ የዛሬዎቹ ሊኑክስና ማክ አባት የሆነውን ዩኒክስን ሠርተዋል። አለቃቸው ዳግ ማክልሮይ ግን «የሠራችሁትን ጻፉት» ብሎ ወጥሮ ያዛቸው። የመጀመሪያው መመሪያ የወጣው ኅዳር 3 ቀን 1971 ነው። ያ ቶምፕሰን፣ በነገራችን ላይ፣ በ1992 ከሮብ ፓይክ ጋር ሆኖ በአንድ ምግብ ቤት ጠረጴዛ ላይ በነበረ ወረቀት ዩቲኤፍ-8ን የነደፈው ሰው ነው። አሁን የምታነቧቸው ፊደሎቻችን እያንዳንዳቸው በ3 ባይት ተጭነው ስክሪናችሁ ላይ የሚደርሱት በዚያ ዘዴ ነው። ሰውየው ለእኛም ባለውለታ ነው ማለት ይቻላል።

ወደ መመሪያው እንመለስ። ለእያንዳንዱ ትእዛዝ አንድ ገጽ ተሰጠው፤ ስሙ፣ አጻጻፉ፣ ምን እንደሚሠራ። እስከዚህ ምንም አይደንቅም። የሚደንቀው ከገጹ ግርጌ ያለው ነው። አንዱ ርእስ «ስህተቶች» ይላል። ጸሐፊዎቹ የሠሩት ዕቃ የት የት እንደሚበላሽ በገዛ እጃቸው ይዘረዝራሉ። የትኛው ነጋዴ ነው ዕቃው ላይ «እዚህ ጋ ይሰነጠቃል» ብሎ የሚለጥፍ? ሌላው ርእስ «ባለቤት» ነው። ችግር ሲገጥማችሁ ማንን እንደምትጠይቁ ይነግራችኋል። ባለቤትነቱ የሚወሰንበት ደንብ ደግሞ ያስቃል፤ ፕሮግራሙን ማንም ይጻፈው ማን፣ ባለቤቱ መጨረሻ የነካው ነው። እጁን ያስገባ ሁሉ ተጠያቂነቱንም ይዞ ይወጣል።

ይህ ልማድ ፕሮግራሞቹን ራሳቸውን ለወጣቸው። ማክልሮይ ኋላ እንዳስታወሰው፣ አዲስ እትም በተዘጋጀ ቁጥር ግቢው ይተራመስ ነበር። አንዱን አስቀያሚ ነገር ሲጽፉት «ይህንንማ አናትምም» ይሉና ጽሑፉን ትተው ፕሮግራሙን ያስተካክላሉ። እኛን የሚገርመን ይኼ ነው። ለአንባቢ ማስረዳት ስላፈሩ ብቻ ሥራቸውን አሻሻሉ። ከወረቀቱ ሌላ ገጹን ስክሪን ላይ የሚያወጣ «ማን» የሚባል ትእዛዝም ብዙ ሳይቆይ ተጨመረ። ዛሬም ሊኑክስ ላይ ያለው እሱው ነው።

እንግዲህ ወደ ኤጀንቱ። የቋንቋ ሞዴል የሚሠራው ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል በመገመት ነው። የሚገምተውም እስከ አንድ ቀን ድረስ ካነበበው ተነስቶ ነው። ስለዚህ ለአንድ ትእዛዝ የሌለውን አማራጭ ፈጥሮ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ ይጽፍላችኋል። ስህተቱ አንዳንዴ ያሳስቃል፤ አንዳንዴ ግን አያስቅም። «ኪልኦል» የሚባለውን ትእዛዝ ውሰዱ። ሊኑክስ ላይ ስሙን የጠራችሁለትን ፕሮግራም ብቻ ይዘጋል። ሶላሪስ በተባለው የዩኒክስ ዝርያ ላይ ግን ማሽኑ ላይ የሚሮጠውን ሁሉ ይዘጋል። ስሙ አንድ፣ ጥፋቱ የሰማይና የምድር ያህል የተለያየ። በግምት እዚህ መግባት ሰርቨር ያስለቅሳል። የመመሪያ መፈለጊያው መሣሪያ ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው። ጥሩ ሆኖ ከተሠራ የሚያመጣው እዚያው ማሽን ላይ የተጫነውን ቅጂ ገጽ ነው፤ ከየትም የተለቃቀመ ወሬ አያመጣም። ደግሞ ገጹን ሁሉ መጫን የለበትም። ኤጀንቱ በአንድ ጊዜ መያዝ የሚችለው ጽሑፍ ልክ አለው፤ የ«ባሽ» መመሪያ ብቻውን መጽሐፍ ያህላል። እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን ከሞዴሎች ጋር የሚያገናኝ ኤምሲፒ የተባለ የጋራ ደንብም አንትሮፒክ በኅዳር 2024 ይፋ አድርጓል።

አንድ ነገር ግን ይከነክነናል። ኤጀንቱ ከገጹ የሚፈልጋትን መስመር ቀንጭቦ ሲሄድ፣ ያቺ «ስህተቶች» የምትል ግርጌ ማን ያያታል? ማክልሮይና ጓደኞቹ ያፈሩት ሰው እንደሚያነባቸው ስለሚያውቁ ነበር። ማሽን ፊት ማን ያፍራል?

ደግሞ ማሽን መመሪያ ሲያነብ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የ«ማን» ትእዛዝ አንዱ ቅጂ ለዓመታት አንዲት የተደበቀች ቀልድ ይዞ ኖሯል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ላይ በአንድ ዓይነት መንገድ ከጠራችሁት፣ አባ ከተባለው የስዊድን ባንድ ዘፈን ቃል ወስዶ ይጽፍላችኋል፤ ዘፈኑ የሚጀምረው ያንኑ ሰዓት በመጥራት ነው። በ2017 አንድ ባለሙያ፣ ሌሊት ሌሊት በራሳቸው የሚሮጡ የፕሮግራም ፈተናዎቹ በዚያች ሰዓት ለምን እንደሚወድቁ ግራ ገብቶት ጠየቀ። ፈተናዎቹ ያልጠበቁትን ቃል አግኝተው ነበር። የሳቀው ሰው ብዙ ነው። ቀልዷ ግን ተሰረዘች።