ጦስኝ ከተራራ ወደ ጓሮ

ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ አንዲት እህታችን የኦሬጋኖ ዘርና አንድ ብልቃጥ ደረቅ ቅጠል ይዛ መጣች። ሆቴል ቤት ፒዛ የምትጋግረው ልጇ ናት የሰጠቻት። ብልቃጡ ቡና ከምንጠጣው ከአንዳችን ወደ ሌላችን ሲዞር፣ ያሸተትነው ሁሉ «ይሄማ ጦስኝ ነው!» አልን። ትክክል አልነበርንም፤ ብዙም ግን አልተሳሳትንም።

ኦሬጋኖ የሜዲትራንያን አካባቢ የተራራ ቅጠል ነው። ግሪካዊው ሐኪም ዲዮስቆሪደስ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ መድኃኒትነቱ ጽፏል። አሜሪካኖች ግን በብዛት የለመዱት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ኢጣሊያ የዘመቱ ወታደሮቻቸው የፒዛ ፍቅር ይዘው ሲመለሱ ነው። ጦስኝ፣ በሶብላ፣ ናናና ዳማ ከሴ ሁሉም የኦሬጋኖ ቤተዘመዶች ናቸው። ኮሰረት ከሌላ ቤተሰብ ነው፤ እሱም ቢሆን ሜክሲኮዎች «ኦሬጋኖ» እያሉ ወጥ ለሚያጣፍጡበት ቅጠል የቅርብ ዘመድ ነው።

የእኛው ጦስኝ በሳይንስ ስሙ ቲመስ ሺምፔሪ ይባላል። ቪልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ አገራችን የመጣ ጀርመናዊ ነው። አገር ቤት አግብቶ፣ እጽዋት እያደረቀ ወደ አውሮፓ ሲልክ ኖሮ በ1878 አድዋ ላይ አረፈ። ለሥራው ክብር ይገባዋል። ቢሆንም ጦስኝን ከሽሮ እህልና ከበርበሬ ጋር እየቀመሙ፣ ሳል ለያዘው ልጅ እያፈሉ ያቆዩት እናቶች በዚያ ስም ውስጥ የሉም። ሺምፐርስ የቤቱን ሽሮ ማን ቀምማለት ይሆን?

እናቶቻችን በሶብላን፣ ጤና አዳምንና ዳማ ከሴን ጓሮ አስገብተዋል። ጦስኝ ግን ከተራራ ቀረ፤ የሚተክለው አልነበረም፤ ለምን ይተከላል? ወጥቶ መልቀም ይበቃ ነበር። ያን ጊዜ ደግሞ ተራራውም ሕግ ነበረው። በመንዝ ጓሳ «ቄሮ» በሚባለው ሥርዓት ሣሩ ለዓመታት ይከለል፣ ማጨዱም ማሰማራቱም በተፈቀደ ጊዜ ብቻ ይሆን ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ። ኋላ ኅብረተሰቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ ቢመልሰውም፣ ጓሳ ያልሆነው ተራራ ሁሉ እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም።

ዛሬ እኛ ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ የምንገዛውን ጦስኝ ልብ ብላችሁ እዩት፤ ብዙው ከነሥሩ ተነቅሎ የመጣ ነው። የምታመጣውን ሴት አንወቅስም፤ ለልጆቿ ደብተር መግዣ ነው። የተነቀለው ግን ከርሞ አያቆጠቁጥም። ጦስኝ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ በቅሎ የማይገኝ ቅጠል ስለሆነ፣ ከዚህ ካለቀ የሚመጣበት ሌላ አገር የለም።

ስለዚህ ደጋፊዎቻችን ባሳጠሩልን ጓሮ መትከል ጀመርን። የመጀመሪያው ዓመት ከሸፈ። እንደ ጎመን ቆጥረነው ፍግ አበዛንለት፣ ጠዋት ማታ ውሃ አጠጣነው፤ ሥሩ በሰበሰ። ተራራ ላይ በድንጋይ መካከል የሚኖር ቅጠል መሆኑን እያወቅን! በሁለተኛው ዓመት መደቡን ከፍ አድርገን ጠጠር ቀላቀልንበት፤ ፀሐይ የሚውልበትን ቦታ መረጥን። ከዘር ይልቅም ከአሮጌው እግር ሥር ያወጣውን ከፍለን ተከልን። አሁን ይዟል። ስንቆርጥ ሥሩን አንነካም፤ ከላይ ለጋውን ብቻ ወስደን ጥላ ላይ እናደርቃለን፤ ፀሐይ ላይ ሽታው ይበናል። በሶብላው ግን በኅዳር ውርጭ ጠቁሮ ቀርቷል፤ እሱን በየዓመቱ እንደገና መዝራት ነው።

ኦሬጋኖውም እዚያው ከጦስኙ ጎን በቅሏል። ጠባዩ አንድ ዓይነት ነውና የተለየ እንክብካቤ አላስፈለገውም። ሽሮ ውስጥ ሞክረነው ነበር፤ ጦስኝ ይሻላል ብለናል፤ ልጅቷ አትቀየመን።

ሰኔ ዝናቡ ሲይዝ የጦስኙን እግር እንከፍላለን። መትከል የምትፈልግ አባል ቅርጫትና እርጥብ ጨርቅ ይዛ ትምጣ።