ሰሙ አንድ፣ ወርቁ ብዙ

ከአዲስ አበባ ወደ መንዝ የወጣ ሰው መሐል ሜዳ ሲደርስ መጀመሪያ የሚተዋወቀው ከራሱ ሳንባ ጋር ነው። እኔ አክስቴን ተከትዬ አንዲት ዳገት ስወጣ ሦስት ጊዜ አረፍኩ። እሷ ኩበት ተሸክማለች፣ እኔ ካሜራ ይዣለሁ። «ምነው ልጄ፣ ምሳ አልበላህም እንዴ?» አለችኝ። (በልቻለሁ፤ ያውም ሁለቴ።)

የትንፋሹን ነገር ልፈታ ብዬ ሳነብ ታሪኩ ይዞኝ ቺካጎ ገባ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ዶናልድ ሌቪን በ1950ዎቹ መጨረሻ አገራችን መጥቶ መንዜዎችን አጥንቶ በ1965 «ሰምና ወርቅ» የተባለውን መጽሐፍ አሳተመ። እሱ ሲያስተምርበት በኖረው በዚያው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ፣ ዩጂን ጎልድዋሰር የሚባል ባዮኬሚስት ከ1955 ጀምሮ ሌላ ምሥጢር ሲያሳድድ ነበር፤ ኩላሊት ለመቅኔ «ቀይ ደም ጨምር» ብሎ የሚልከውን መልእክት። ሃያ ዓመት ፈጀበት። በመጨረሻ ታካጂ ሚያኬ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም ከደም ሕመምተኞች የሰበሰበውን 2,550 ሊትር ሽንት አድርቆ አመጣለትና በ1977 ንጹሑን ሆርሞን አወጣው። አዎ ወዳጄ፣ ሽንት ነው ያልኩት። ኤሪትሮፖይቲን፣ በአጭሩ ኢፖ፣ ከዚያ ነው የተገኘው።

ለመሆኑ ኩላሊት ኦክስጅን ማነሱን በምን ያውቃል? ሴሎቻችን ሂፍ የሚባል ፕሮቲን ሳያቋርጡ ይሠራሉ። ኦክስጅን ካለ ምልክት ይደረግበትና ወዲያው ይፈርሳል። ኦክስጅን ሲያጥር ግን ሳይፈርስ ይቀርና የኢፖን ጂን ያስነሣል። ሴመንዛ፣ ራትክሊፍ እና ኬሊን በ2019 ኖቤል የተሸለሙት በዚህ ነው።

እኔን የገረመኝ ግን ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ኢፖ መቅኔ ደርሶ በሴሉ ደጃፍ ያለውን ተቀባይ ሲነካ፣ ከተቀባዩ ሥር የተጣበቀ ጃክ2 የሚባል ኤንዛይም ይነቃና ወሬውን ወደ ውስጥ ያደርሳል። እሺ። ችግሩ ጃክ2 የኢፖ ብቻ ሎሌ አለመሆኑ ነው። የእድገት ሆርሞንም በእሱ በኩል ነው የሚናገረው። ደም የሚያረጉትን ፕሌትሌቶች የሚያዘው ሆርሞንም፣ የእናት ጡት ወተት እንዲሠራ የሚያዘው ፕሮላክቲንም እንደዚያው። ሁሉም በአንድ ሽቦ ይደውላሉ። ታዲያ ሴሉ ማን እንደደወለ በምን ይለያል?

በ1997 ከአሜሪካዊው ሃርቪ ሎዲሽ ቤተ ሙከራ የወጣ ሥራ ደፋር መልስ ሰጠ። ቀይ ደም ለመሆን በተዘጋጁ ሴሎች ላይ የፕሮላክቲንን ተቀባይ ተከሉና ፕሮላክቲን ሰጧቸው። የወተት ትእዛዝ ደረሳቸው ማለት ነው። ሴሎቹ ምን ሠሩ? ቀይ ደም! ትርጉሙ ከመልእክቱ ይልቅ በሰሚው ዘንድ ኖሯል። ሴሉ የትኞቹን ጂኖች ከፍቶ፣ የትኞቹን ዘግቶ እንደጠበቀ ነው ወርቁን የሚወስነው። እርግጥ የጥሪው ጉልበትና ርዝመትም ለውጥ ያመጣል። ሽቦው ማንም ሳይደውል የሚጮኽበት ጊዜም አለ፤ በ2005 ጃክ2 ላይ አንዲት ፊደል ብትቀየር መቅኔ ያለ ልክ ቀይ ደም እንደሚያመርት ታወቀ። ያ የደም ካንሰር ዓይነት ነው።

ወደ ዳገታችን እንመለስ። በፔሩና በቦሊቪያ ተራሮች ላይ የሚኖሩ ሰዎች ደማቸው ወፍራም ነው፤ ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ይላል። ሳይንስ ለረጅም ጊዜ ደገኛ ሁሉ እንደዚያ ይመስለው ነበር። በ2002 ሲንቲያ ቢል እና ባልደረቦቿ ስሜን ውስጥ አምባራስ በተባለ ቦታ፣ 3,530 ሜትር ላይ 236 ሰዎችን ለኩ። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም በዴሲሊትር፤ የኦክስጅን ሙሌታቸው 95 በመቶ ገደማ። የባሕር ዳርቻ ሰው ቁጥር ነው ይኼ! በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የአማራ ደገኞችን ከባሌ ኦሮሞ ደገኞች ጋር አስተያየ፤ የባሌዎቹ ሄሞግሎቢን ከፍ ብሎ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ከሰጧቸው ማብራሪያዎች አንዱ የኑሮው ዘመን ነው፤ አንዱ ሕዝብ ደጋውን ከያዘ ሺህ ዓመታት ሲቆጠሩ፣ ሌላው ባሌ ተራራ ከወጣ 500 ዓመት ገደማ ነው። አየሩ ያው ስስ አየር ነው፤ አካሉ የሚሰማው ግን ለየቅል።

ይኼ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት። የዓለም ጤና ድርጅት የደም ማነስ መለኪያው ላይ እንደ ከፍታው ጭማሪ አለው። በቆየው ሰንጠረዥ ለ3,000 ሜትር ጭማሪው 1.9 ነበር። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ወሰኑ 12 ስለሆነ እላይ 13.9 ይሆናል። ስለዚህ 13.5 ያላት ሴት ጅቡቲ ወደብ ላይ ጤነኛ ናት፣ መሐል ሜዳ ስትወጣ ደም አንሷታል። ድርጅቱ በ2024 ቁጥሮቹን ከልሷል፤ ያም ሆኖ ሰንጠረዡ ለአንዲስም ለመንዝም አንድ ነው።

አክስቴ ተለክታ 13.5 ቢወጣላት የብረት ኪኒን ተሰጥቷት ትመለሳለች ማለት ነው። ያንኑ ዳገት፣ ያንኑ ኩበት ተሸክማ፣ እኔን ከኋላዋ እየጠበቀች።