ዓሣ ነባሪዎችን ከባሕር ዳር የሚቆጥሩ በጎ ፈቃደኞች

በሪያድ ዲራ ሰፈር፣ ከመስመክ ምሽግ ብዙም በማይርቀው የዘል ገበያ ዑድና ዕጣን የሚገዛ ሰው «ዐንበር» የሚለው ስም እንግዳ አይሆንበትም። ዐንበር ስፐርም ዌል ከሚባለው ግዙፍ የባሕር እንስሳ አንጀት የሚገኝ፣ ከጥንት ጀምሮ ለሽቶ የሚፈለግ ውድ ነገር ነው። የግእዙ «ዐንበሪ» የሚዛመደው ከዚሁ ቃል ጋር ሲሆን፣ እንስሳው በዛሬው አማርኛ ዓሣ ነባሪ ይባላል። ስሙ ዓሣ ቢለውም በሳንባ የሚተነፍስና ግልገሉን የሚያጠባ ፍጡር ነው። ለመተንፈስ ወደ ውኃው ገጽ መውጣት ስላለበትም በየብስ ላይ የቆመ ሰው ሊያየውና ሊቆጥረው ይችላል።

የዐረብ ምድር ነዋሪዎች ከዚህ እንስሳ ጋር የተዋወቁት ዛሬ አይደለም። በሰሒሕ አል ቡኻሪ እንደተዘገበው፣ በአቡ ዑበይዳ የተመሩ 300 ሰዎች ስንቃቸው አልቆ በተራቡ ጊዜ ባሕሩ «ዐንበር» የተባለ ታላቅ ዓሣ ወደ ዳር አውጥቶላቸው ለብዙ ቀናት ተመግበውበታል። የጎድን አጥንቱ እንዲቆም ተደርጎም ግመል ከሥሩ አልፏል። የዳር ነዋሪ ያየውን በትክክል ቢናገር ዘገባው ስንት ዘመን ሊሻገር እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በዘመናችን ይህ ትዝብት ሥርዓት ያለው ቆጠራ ሆኗል። በካሊፎርኒያ ፖይንት ቪሴንቴ በተባለ የባሕር ገደል ላይ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ባሉት ወራት እየተፈራረቁ ግራጫ ዓሣ ነባሪዎችን ይቆጥራሉ። እንስሳቱ ከአርክቲክ ባሕር ተነሥተው በሜክሲኮ ባሃ ካሊፎርኒያ ወደሚገኙት መውለጃ ሐይቆቻቸው ይወርዳሉ፤ በጸደይም ግልገሎቻቸውን ይዘው ይመለሳሉ። በሐዋይ ደግሞ ከ1996 ጀምሮ በክረምት ወራት በተመረጡ ቅዳሜዎች ነዋሪዎች በየዳርቻው ተቀምጠው ጎባጣ ዓሣ ነባሪዎችን ይመዘግባሉ።

ሥራው ትዕግሥት እንጂ ዲግሪ አይጠይቅም። ቆጣሪው ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ በርቀት ማያ መነጽር አድማሱን ይቃኛል። መጀመሪያ የሚታየው አካሉ ሳይሆን ትንፋሹ የሚያስነሣው፣ ብዙ ሜትር ከፍታ ያለው የጉም ዓምድ ነው። ሰዓቱ፣ የእንስሳቱ ብዛት፣ የሚጓዙበት አቅጣጫና የግልገል መኖር አለመኖር ይጻፋል። የነፋሱና የማዕበሉ ሁኔታም አብሮ ይመዘገባል፤ ባሕሩ አረፋ ባበዛበት ቀን ትንፋሽ ከአረፋ አይለይምና። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ግን ባዶውን ቀን ነው። «ምንም አልታየም» ተብሎ ያልተጻፈ ቀን ማንም ካልጠበቀበት ቀን ጋር ይምታታል።

የዚህ ጥቅም በአሐዝ ታይቷል። በምሥራቅ ፓስፊክ የግራጫ ዓሣ ነባሪዎች ቁጥር በ2016 ወደ 27,000 ደርሶ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ተመራማሪዎች እነሱም ከዳርቻ ቆጥረው በ2025 ያወጡት ግምት 13,000 ገደማ ነው። ለውድቀቱ ዋና ምክንያት ተብሎ የሚጠቀሰው በአርክቲክ የምግባቸው መመናመን ነው። የበጎ ፈቃደኞቹ የግልገል መዝገብም ከዚህ ጎን የሚነበብ ነው።

ለዐረብ ባሕረ ሰላጤ ምድር ይበልጥ የሚቀርበው ጉዳይ በዐረብ ባሕር የሚገኘው ጎባጣ ዓሣ ነባሪ ነው። ዘመዶቹ በየዓመቱ ወደ ዋልታዎች ሲፈልሱ እርሱ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ይቆያል፤ የዝናም ወቅት ነፋስ ከጥልቁ የሚያወጣው ቀዝቃዛና ምግብ የሞላበት ውኃ ይበቃዋል። ሶቪየት መርከቦች በ1960ዎቹ አጋማሽ ከእነዚህ 242 ያህሉን ገድለዋል። በኦማን ዳርቻ የቀሩት በተመራማሪዎች ግምት 82 አካባቢ ነበሩ። በ2017 መጨረሻ በኦማን የሳተላይት መከታተያ የተደረገላት «ሉባን» (ዕጣን ማለት ነው) የዐረብ ባሕርን አቋርጣ ወደ ሕንድ ዳርቻ ሄዳ ተመልሳለች፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ጉዞ አልተመዘገበም ነበር።

ይህን ያህል ጥቂት እንስሳ በሰፊ ባሕር ላይ ተመራማሪ ብቻውን ፈልጎ ማግኘት አይችልም። የፓኪስታን ቱና አጥማጆች ከ2012 ጀምሮ ሠልጥነው ያዩትን እየመዘገቡ ማቅረባቸው የዚህ ውጤት ነው። እንስሳውን ከሚያሰጉት ዋናዎቹ የዓሣ መረብና የመርከብ ግጭት ስለሆኑ፣ በመረብ የተያዘውን ቀድሞ የሚያየው ራሱ አጥማጁ ነው።

በቀይ ባሕር በርካታ የዓሣ ነባሪና የዶልፊን ዝርያዎች ተመዝግበዋል። የዳር ነዋሪ የባሕሩን ጊዜ ማወቁም በሳውዲ አዲስ አይደለም፤ የፋራሳን ደሴቶች ሰዎች ሐሪድ የተባለው ዓሣ በመንጋ ወደ ዳር የሚመጣበትን ወቅት በየዓመቱ ጠብቀው በዓል ያደርጉበታል።

በጅዳ፣ በያንቡ ወይም በጂዛን ዳርቻ የሚሠራ ሰው ዓሣ ነባሪ ቢያይ በጀልባ አይከተለው፤ መንገዱንም አይዝጋበት። ቦታውን፣ ሰዓቱንና የሄደበትን አቅጣጫ ይጻፍ። ፎቶግራፍ ማንሣት ከቻለ የጭራውን የታችኛ ገጽ ያንሣ፤ በዚያ ያለው ነጭና ጥቁር ምልክት በጎባጣው ዝርያ እንደ ሰው የጣት አሻራ አንዱን ከሌላው ይለያል። እንስሳው በሕይወት ሳለ በአሸዋ ላይ ከወደቀ ጭራውን ይዞ ወደ ባሕር መጎተት አካሉን ይጎዳዋል። የሚመለከታቸው ባለሥልጣናት እስኪደርሱ ድረስ ሰው እንዳይከብበው ማድረግ፣ ቆዳውን በእርጥብ ጨርቅ ማቀዝቀዝና በራሱ አናት ያለውን የመተንፈሻ ቀዳዳ ከውኃና ከአሸዋ መጠበቅ ይገባል። የሞተም ቢሆን ሳይነካ ለባለሙያ ይነገር፤ ከቆዳው ናሙና ዝርያው፣ ከሆድ ዕቃውም የተመገበው ይታወቃል።