ሦስት ቡሬዎች

አንድ የአዲስ አበባ የእህል በረንዳ ነጋዴ «ቡሬ ላይ በርበሬ ደርሷል» የሚል ወሬ ቢሰማ፣ የትኛው ቡሬ ብሎ አይጠይቅም። በርበሬ ከተባለ የጎጃሙ ነው፤ ደንበጫንና ፍኖተ ሰላምን አልፎ፣ የነቀምቱ መንገድ ወደ አባይ የሚገነጠልበት ከተማ። በ1991 ዓ.ም. ግንባር የነበረ ወታደር ግን «ቡሬ» ሲባል የሚታየው በርበሬ ሳይሆን በአሰብ መንገድ ላይ ያለው የአፋር በረሃ ነው። ከጎሬ ወደ ጋምቤላ የሚጓዝ ሾፌር ደግሞ የኢሉባቦሯን ቡሬ ያስባል። ጎጃም ውስጥ ሞፈርና ቀንበር ይዞ ለሚውለው ገበሬ «ቡሬ» ከከተማም በፊት የበሬ ስም ነው።

ሰው በዚህ አይደናገርም። ማን እንደሚናገር፣ ስለ ምን እንደሚናገር ያውቃልና። ኮምፒውተር ግን ሁለት ፊደል ብቻ ነው የሚያየው፤ «ቡ» እና «ሬ»።

ዎርልድ ዋይድ ዌብን የፈጠረው እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ ከጄምስ ሄንድለርና ከኦራ ላሲላ ጋር ሆኖ በግንቦት 1993 ዓ.ም. «ሳይንቲፊክ አሜሪካን» መጽሔት ላይ የጻፈው ጽሑፍ ስለዚሁ ነበር (ዘመኑ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው)። ድረ ገጾች የተሠሩት ሰው እንዲያነባቸው እንጂ ማሽን እንዲረዳቸው አይደለም አሉ። ያቀረቡት መፍትሔ «ሴማንቲክ ዌብ» ተባለ፤ በእኛ ቋንቋ የትርጉም ድር ብንለው ያስኬዳል። ሐሳቡ ስሙን ያህል አያስፈራም። እያንዳንዱ ነገር የራሱ የማይደገም መለያ ይሰጠዋል። ከዚያ ስለ ነገሩ የሚታወቀው ሁሉ በሦስት ክፍል ባላት አጭር አረፍተ ነገር ይጻፋል፦ ይህ ቡሬ፣ የሚገኘው በ፣ ምዕራብ ጎጃም። ይህ ቡሬ፣ የሚያመርተው፣ በርበሬ። እንዲህ ዓይነት አረፍተ ነገሮች በሚሊዮን ሲቆጠሩና እርስ በርስ ሲያያዙ፣ ማሽኑ የአፋሩን ቡሬ ከጎጃሙ መለየት ይጀምራል።

በርነርስ ሊ ይህን በጻፈበት ጊዜ በምዕራብ ጎጃም ሌላ ታሪክ እየሆነ ነበር። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. በቆሎ እጅግ ጥሩ ምርት ሰጠ፤ ዋጋው ግን ወደቀ። የገበያው ዋጋ የማዳበሪያ ዕዳ እንኳ የማይከፍልለት ገበሬ ብዙ ነበር። ወዲያው በ1995 ዓ.ም. ድርቅ መጣና ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። አንድ አገር ውስጥ፣ በሁለት ዓመት ልዩነት፣ እህል ረክሶም ጠፍቶም ታየ። መንገድና መጋዘን አለመኖሩ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት ግን የመረጃ ነበር፤ አዲስ አበባ ያለው ገዢ ቡሬ ያለውን በቆሎ ዓይቶና ዳስሶ ካልሆነ አያምነውም፤ በስልክ «ጥሩ በቆሎ» ቢባል «ጥሩ» ለሁለቱም አንድ ትርጉም አልነበረውም።

ይህ የቆየ ችግር ነው። ከአባይ ማዶ የሚመጣ ሲራራ ነጋዴ በጎጃም ገበያዎች ሲያልፍ፣ ቁናና ዳውላ ስማቸው አንድ ሆኖ ልካቸው ከገበያ ገበያ ይለያይ ነበር። ነጋዴው በየደረሰበት «በማን ቁና?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት። የሴማንቲክ ዌብ ባለሙያዎች ዛሬ የሚያነሱት ጥያቄ ይኸው ነው፤ ቃሉ አንድ ሆኖ ትርጉሙ ሲለያይ ማን ያስታርቀዋል?

በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ለዚህ መልስ ለመስጠት የሞከረ ተቋም ነው። መሥራቿ ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን የእህል ገበያን ለዓመታት ያጠኑ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ናቸው። ቡሬም የምርት ገበያው መጋዘን ከተከፈተባቸው ከተሞች አንዷ ሆነች። የገባው በቆሎ ናሙና ይወሰድለታል፣ እርጥበቱና ባዕድ ነገሩ ይለካል፣ ደረጃ ይሰጠዋል፣ ባለቤቱ ደረሰኝ ይይዛል። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ የሚሸጠው ደረሰኙ ነው። ዋጋው በየከተማው በተተከሉ ሰሌዳዎችና በ929 አጭር ቁጥር ይነገር ነበር። ኮምፒውተር ተኮር ስለሆነ ብቻ አይደለም ከሴማንቲክ ዌብ ጋር የሚመሳሰለው። ሻጭም ገዢም ማሽንም በአንድ መንገድ የሚረዱት የጋራ ቃል ስለፈጠረ ነው።

የጋራ ቃል ግን የሚያጠፋውም ነገር አለ። በ2001 ዓ.ም. ቡና ወደ ምርት ገበያው ሲገባ ከተለያየ ቦታ የመጣ ቡና በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ተቀላቀለ። የአንድን ማጠቢያ ጣቢያ ቡና በስሙ ፈልገው ውድ ዋጋ ይከፍሉ የነበሩ የውጭ ቆይዎች ስሙን አጡት። ደረጃው ተጻፈ፣ ማንነቱ ተሰረዘ። ቅሬታው ዓመታት ፈጅቶ ሕጉ በአዋጅ 1051/2009 ተሻሻለ። እዚህ ላይ ምርት ገበያውን መውቀስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን በዘመኑ ዋናው ሕመም አለመተማመን ስለነበር መጀመሪያ ያከመው እሱን ነው። ስህተቱ ደረጃ መስጠቱ ሳይሆን፣ ደረጃውን ከምንጩ ጋር አያይዞ አለማስቀመጡ ነበር።

ሴማንቲክ ዌብ ራሱም እንደታለመው አልሆነም። ሰው ሁሉ ድረ ገጹን በመለያና በሦስት ክፍል አረፍተ ነገር ይጽፋል የተባለው ሕልም ቀረ፤ አድካሚ ነበር፣ ጥቅሙም ወዲያው አይታይም ነበር። የተሳካው ንግድ ሲገባበት ነው። በ2003 ዓ.ም. ጉግል፣ ማይክሮሶፍትና ያሁ ተስማምተው «ስኪማ ዶት ኦርግ» የሚባል የጋራ መዝገበ ቃላት አወጡ። ባለ ሱቁ ድረ ገጹ ውስጥ «ይህ ስሜ ነው፣ ይህ አድራሻዬ ነው፣ ይህ ዋጋዬ ነው» ብሎ ማሽን በሚረዳው መንገድ ከጻፈ፣ መፈለጊያው በትክክል ያወጣዋል። በ2004 ዓ.ም. ጉግል የዕውቀት መረቡን ጀመረ፤ በ2005 ዓ.ም. ማንም ሊያርመው የሚችለው ዊኪዳታ ተከፈተ። ዛሬ ስልክ ላይ የከተማ ስም ሲጻፍ በጎን የሚወጣው ካርታና አጭር መግለጫ የዚህ ልጅ ነው።

ታዲያ ፍኖተ ሰላም ያለ ባለ ሆቴል ምን አገባው? ስሙን ብቻ እንይ። «ፍኖተ ሰላም»፣ «ፍኖተ ሠላም»፣ «ፍኖተሰላም»፤ ለአንባቢ አንድ ናቸው፣ ለማሽን ሦስት ቃላት። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ባሰ። ቡሬም በ1933 ዓ.ም. ስለነበረው የጌዲዮን ጦር ዘመቻ የሚተርኩ የእንግሊዝ መጻሕፍት ውስጥ ዛሬ በማንጽፈው አጻጻፍ ነው የምትገኘው። «ምዕራብ ጎጃም» እንኳ አንድ ነገር አይደለም፤ በ1980 ዓ.ም. ደርግ ባወጣው አከላለል ዋና ከተማው ባሕር ዳር ነበር፣ በኋላ ግን ፍኖተ ሰላም ሆነ። የእርዳታ ድርጅቶች ይህን ስላወቁ ለዞኑ ቁጥር ሰጡት፤ ኢቲ 0307። እርዳታ የጫነ መኪና በፊደል ስህተት ሌላ ቦታ እንዳይሄድ ማለት ነው። ነጋዴው ግን እንዲህ ዓይነት ቁጥር የለውም፤ የሆቴሉ ስም በአንዱ ካርታ ላይ በአንድ አጻጻፍ፣ በሌላው በሌላ፣ ስልኩም የቀድሞው ሆኖ ይገኛል። በዚህ ምክንያት ስንት እንግዳ እንዳለፈው ባለቤቱ አያውቅም፤ ያልመጣ እንግዳ ቅሬታ አያቀርብም።

አሁን ነገሩ ከሆቴል አልፏል። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ያወጣው የደን ጭፍጨፋ መከላከያ ሕግ፣ ተግባራዊነቱ ቢራዘምም፣ ቡና ላኪው እያንዳንዱ ምርት የበቀለበትን ማሳ የካርታ መጋጠሚያ እንዲያቀርብ ይጠይቃል። ዛሬ ቡና ነው፤ ነገ ሌላው ምርት የማይጠየቅበት ምክንያት የለም። ቡሬ ላይ የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርክና ትልቅ የዘይት ፋብሪካ ከተሠራ ወዲህ የአካባቢው እህል ወደ ፋብሪካ የሚገባበት ዘመን ነው፤ ገዢውም «ከየት?» ማለቱ አይቀርም።

የሚያስቆጨው መልሱ በከፊል አገር ቤት መኖሩ ነው። በአማራ ክልል ሁለተኛ ደረጃ የመሬት ይዞታ ምዝገባ በደረሰበት ሁሉ እያንዳንዱ ማሳ በካርታ ላይ ተለክቶ የራሱ መለያ ቁጥር ተሰጥቶታል። ገበሬው ደብተሩን ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ያስቀምጣል። የማዳበሪያ ዝርዝሩ ማኅበሩ ዘንድ በስሙና በአባቱ ስም ተጽፏል። የእህል ደረሰኙ መጋዘን ነው፣ የብድሩ መዝገብ ብድርና ቁጠባው ጋ ነው። አራቱም ስለ አንድ ሰውና ስለ አንድ ማሳ ይናገራሉ፤ አንዱ ግን ስለ ሌላው አያውቅም። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ደግሞ ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሁለት ገበሬዎች ማግኘት ከባድ አይደለም።