የራዲየም ቀቢዎችና የአጥንት ካንሰር

ከአጥንት የሚነሳ ካንሰር ብርቅ በሽታ ነው፤ ከመቶ የካንሰር ሕሙማን በእሱ የተያዘ አንድ ሰው እንኳ አይሞላም። አጥንት ላይ የሚገኘው ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ከጡት፣ ከፕሮስቴት ወይም ከሳንባ ተነስቶ የተዛመተ ነው። ከራሱ ከአጥንት የሚበቅሉት ዕጢዎችም ቢሆኑ አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም። ዋነኛው የአጥንት ካንሰር ኦስቲዮሳርኮማ ይባላል። ቁመታቸው በሚመዘዝበት ዕድሜ ያሉ ልጆችን፣ ከልጃገረዶች ይልቅ ወንዶቹን በጥቂቱ አብዝቶ ይይዛል፤ ብዙውን ጊዜ የሚወጣውም አጥንት ፈጥኖ በሚያድግበት በጉልበት ዙሪያ ነው። ከስድሳ ዓመት ወዲያ እንደገና ብቅ ይላል። ኮንድሮሳርኮማ የተባለው ሌላው ዓይነት በአብዛኛው አርባን የተሻገሩ ሰዎች በሽታ ነው።

በአሜሪካ አንድ ሙያ በሠራተኞቹ ላይ ያደረሰውን ጉዳት ለማጋለጥ ከረዱት ነገሮች አንዱ ይኸው የአጥንት ካንሰር ብርቅነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1917 በኒው ጀርሲ ግዛት፣ በኦሬንጅ ከተማ፣ በጨለማ የሚያበሩ የሰዓት ቁጥሮች የሚቀቡበት ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ቀለሙ ጨረር አመንጪው ራዲየምና ዚንክ ሰልፋይድ የተቀላቀሉበት ነበር። ቀቢዎቹ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ሲሆኑ፣ ከአሥራዎቹ ዕድሜ ያልወጡም ነበሩባቸው፤ የሚከፈላቸውም በቀቡት ሰዓት ብዛት ነበር። ቀጭኑን ቁጥር ለመሳል የብሩሹ ጫፍ መሾል ስላለበት በከንፈራቸው እያሾሉ እንዲሠሩ ተማሩ። በየጊዜው ጥቂት ራዲየም ይውጡ ነበር። ቀለሙ አይጎዳም ተብለዋል፤ የፋብሪካው ኬሚስቶች ግን ራዲየምን የሚይዙት በመቆንጠጫ፣ ከእርሳስ ጋሻ ጀርባ ሆነው ነበር። ይህ ልዩነት ይቅር የማይባል ነው።

ሰውነት ራዲየምን እንደ ካልሲየም ተቀብሎ አጥንት ውስጥ ያከማቸዋል። የራዲየም ጨረር በግማሽ እስኪቀንስ 1,600 ዓመት ስለሚፈጅ፣ አንዴ አጥንት የገባው የሰውየውን ዕድሜ ሙሉ ሲያቃጥል ይኖራል።

መጀመሪያ የታመመው ጥርስ ነበር። ጥርሱ ይነቀላል፣ ቁስሉ አይሽርም፣ መንጋጋው ይበሰብሳል። በ1922 የሞተች አንዲት ቀቢ የገደላት ቂጥኝ ነው ተብሎ ተመዘገበ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ አስከሬኗ ወጥቶ ሲመረመር አጥንቷ ራዲየም ተገኘበት። የአካባቢው የመንግሥት ሐኪም ሃሪሰን ማርትላንድ በ1925 የሕመሙ ምንጭ ራዲየም መሆኑን አሳየ፤ በ1929 ደግሞ በቀቢዎቹ ላይ የወጣውን የአጥንት ካንሰር ገልጾ ጻፈ። ከቀቢዎቹ አንዷ የሆነችው ግሬስ ፍራየርና አራት ባልደረቦቿ ፋብሪካውን ከስሰው በ1928 በስምምነት ለእያንዳንዳቸው 10,000 ዶላርና በዓመት 600 ዶላር ጡረታ ተወሰነላቸው። ፍራየር በ1933 በዚያው ካንሰር ሞተች።

ለዓመታት ክትትል ያደረገው የአርጎን ብሔራዊ ላቦራቶሪ በሰውነታቸው ያለው ራዲየም ከተለካ 2,383 ሰዎች መካከል በ64ቱ የአጥንት ካንሰር አገኘ፤ አብዛኞቹ የተለኩት ቀቢዎች ነበሩ። በሽታው በተለመደው መጠኑ ቢሆን ኖሮ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ ወይም ሁለት ቢይዝ ነው። ስልሳ አራቱም አጥንታቸው ከፍተኛ ጨረር ያገኘው ሰዎች ነበሩ፤ ዝቅተኛ ጨረር ካገኛቸው አንድም አልታመመም። አንዳንዶቹ ላይ ዕጢው የወጣው ብሩሹን ካስቀመጡ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።