ከወንፈል እስከ መጠባበቂያ ዘር፦ በረዶ የመታው ማሳ እንዴት ያገግማል?

በክረምት ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲጠቁር የደጋ አርሶ አደር መጀመሪያ የሚያየው ማሳውን ነው። በነፋስ የታጀበ በረዶ የዓመት ልፋትን ለማውደም ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። ድርቅ ቀስ እያለ ይመጣልና ለመዘጋጀት ጊዜ ይሰጣል፤ በረዶ ግን አይሰጥም። በዚህ የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ ስለ ማኅበራችን ዕድገት ብዙ እንደሚባል እገምታለሁ። እኔ ደግሞ እንደ አንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፣ ገበሬው ከበረዶ ማግስት እንዴት ሲቋቋም እንደኖረና ይህ ታሪክ ለእኛ ምን እንደሚያስተምር ጥቂት ለማለት እወዳለሁ።

አባቶቻችን በረዶን ከሁሉ አስቀድመው በጸሎትና በዓል በማክበር ይከላከሉት ነበር። በበዓል ቀን ያረሰ ሰው «በረዶ ያስመታናል» ተብሎ በአካባቢው ሽማግሌዎች ይቀጣ ነበር፤ በብዙ ቦታ ዛሬም ይኸው ልማድ አለ። ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ደቦውና ወንፈሉ ነበር። ማሳው እንደገና ይገለበጣል፣ ዘር ያለው ዘመድ ያበድራል። ዘመድ የሌለው ግን በአራጣ ተበድሮ ይዘራና በመኸር ያመረተውን ለአበዳሪው ያስረክባል። የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. እስኪታወጅ ድረስ ጭሰኛው ከተረፈችው ላይ የባለመሬቱን ድርሻ ጭምር ማሰብ ነበረበት።

ደቦ ትልቅ ሀብት ነው፤ ይሁን እንጂ ደቦ የሚሰጠው ጉልበት እንጂ ዘር አይደለም። ከዚህም በላይ የእኔን ማሳ የመታው በረዶ የቅርብ ጎረቤቴንም መትቶታል። ሁለታችንም ባዶ እጃችንን ስንቀር ማን ለማን ያበድራል? በሌላ በኩል በረዶ እንደ ድርቅ አገር ምድሩን አያዳርስም። አንዱን ጎጥ አውድሞ ወንዝ ማዶ ያለውን ሳይነካ ያልፋል። በመሆኑም መፍትሔው ያለው ካልተመታው ቀበሌ ዘንድ ነው ማለት ነው።

ይህን የተረዱ ገበሬዎች በሌላም አገር ነበሩ። የኅብረት ሥራ ታሪክ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ አገር የተቋቋመው የሮችዴል ማኅበር ነው። ከዚያ 47 ዓመት ቀደም ብሎ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1797፣ በሰሜን ጀርመን ኖይብራንደንቡርግ ከተማ የእርሻ ባለቤቶች የበረዶ መድን ማኅበር አቋቁመው ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሁሉም ያዋጣል፣ በረዶ የመታው ይካሳል። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1846 እና በ1847 ምርት በጠፋበት ክረምት ራይፋይዘን የተባለው የቫየርቡሽ አስተዳዳሪ የዳቦ ማኅበር መሥርቶ ለችግረኞች በዱቤ አከፋፍሏል። እ.ኤ.አ. በ1864 ደግሞ በሄደስዶርፍ የገበሬዎች የብድር ማኅበር አቋቁሟል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የመጀመሪያው የእርሻ ኅብረት ሥራ ድንጋጌ የወጣው በ1953 ዓ.ም. ነበር። በደርግ ዘመን የተደራጁት የአምራቾች ማኅበራት የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ በ1982 ዓ.ም. ሲታወጅ አብዛኞቹ ፈረሱ፤ አባሉ በፈቃዱ የገባባቸው አልነበሩምና። ዛሬ የምናውቀው በአባላት ፈቃድ ላይ የቆመ አደረጃጀት የተጠናከረው በአዋጅ ቁጥር 147/1991 ሲሆን፣ ይህም በኋላ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ተተክቷል። ዩኒየን ማለት የብዙ ቀበሌ ማኅበራት አንድነት ነው፤ ማለትም በረዶ ሁሉንም በአንድ ቀን ሊመታቸው የማይችል ማኅበር ነው።

ስለ ዘርም ከታሪክ የምንማረው አለ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ለዘር ያስቀመጠውን ለመብላት የተገደደው ገበሬ ብዙ ነበር። የዕፅዋት ጄኔቲክ ሀብት ማዕከልን ይመሩ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደ የአካባቢ ዝርያዎች በገበሬው በራሱ እጅ እንዲጠበቁ በመሥራታቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። የማኅበረሰብ የዘር ባንክ ሐሳብም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

የሰብል መድንም በ2001 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ አዲ ሃ በተባለው ቦታ ለጤፍ አምራቾች ተሞክሯል፤ ገንዘብ ያጠረው ገበሬ በጉልበቱ እንዲከፍል መደረጉም መልካም ነበር። ሆኖም እንዲህ ያለው መድን የሚከፍለው የዝናብ መጠን ሲያንስ ነው። በረዶ የመታው ዓመት ዝናቡ በቂ ሊሆን ስለሚችል ውሉ በረዶን በስም ካልጠቀሰ ገበሬው አይካስም። አባላት ከመፈረማቸው በፊት ይህን መጠየቅ ይገባቸዋል።

እኔ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነሐሴ ላይ የምሠራበትን ቀበሌ በረዶ መታው። ለቀናት ከቤት ቤት እየዞርኩ የጉዳት ቅጽ ሞላሁ። አንድ አዛውንት ቅጹን እያዩ «ልጄ፣ የጠፋውን ቆጥረሽልኛል፤ የሚዘራውን ማን ይቆጥርልኛል?» አሉኝ። የእርዳታው ዘር ሲደርስ የመዝሪያው ጊዜ አልፎ ነበር። ያን ቀን የገባኝ ነገር፣ ዘር ከዘገየ እህል እንጂ ዘር አለመሆኑ ነው።

ስለዚህ በረዶ ሲመታ የሚከተለውን እናስታውስ። ገና ያላዘነገ ስንዴና ገብስ እንደገና ሊያቆጠቁጥ ስለሚችል ከሰባት እስከ አሥር ቀን ሳይታይ አይገልበጥ። የወደመው ማሳ ላይ እርጥበቱና ጊዜው ከፈቀደ ፈጥኖ የሚደርስ ጤፍ ይዘራ። በዋልካ መሬት ላይ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ሽምብራ በቀሪው እርጥበት ይበቅላል። ጓያም ይበቅላል፤ ነገር ግን ለብዙ ጊዜ እሱን ብቻ መመገብ እግር ስለሚያሽመደምድ ብቻውን ቀለብ አይሁን።

በመጨረሻም ለጠቅላላ ጉባኤያችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር ከሐምሌ በፊት የፈጥኖ ደራሽ ጤፍና የሽምብራ መጠባበቂያ ዘር በመጋዘኑ ያስቀምጥ፤ ክረምቱ በሰላም ካለፈ ተሽጦ በአዲስ ይተካ፤ በረዶ ከመታ ግን ዩኒየኑ በሳምንት ውስጥ ካልተመታው ወደተመታው ያድርስ። ተበዳሪው በመኸር በዘር ይመልሳል። የአካባቢው ባለሥልጣናትም ለዚህ ተግባር የቅጹን መመለስ እንዳይጠብቁ አደራ እላለሁ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ በረዶም ለአንድ ቀበሌ ከባድ ሸክም ቢሆን ለዩኒየን የሚቻል ነው።

መልካም የምሥረታ በዓል!